ሰንበት፣ ጾምና ገበያ በጋይንት

በደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ክፍል፣ ከጉና ተራራ ባሻገር ወደ በሽሎ ሸለቆ በሚያዘቀዝቀው አገር፣ የታች ጋይንት ወረዳ መቀመጫ የሆነችው አርብ ገበያ ትገኛለች። እንደ ብዙዎቹ የሰሜን ኢትዮጵያ የገበያ ከተሞች ሁሉ ስሟን ያገኘችው ሕዝቡ ለመሸጥና ለመግዛት ከሚሰበሰብበት ቀን ነው። ይህ ቀን ደግሞ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዐት ከረቡዕ ጋር በየሳምንቱ የሚጾም፣ የክርስቶስ ስቅለት የሚታሰብበት ዕለት በመሆኑ፣ የገበያው ሳምንትና የቤተ ክርስቲያኑ ሳምንት በአንድ ቀን ላይ ይገናኛሉ። በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ክርስትና ከዕለት ኑሮ ጋር የተሳሰረበትን መንገድ ለሚመረምር ሰው ይህ መገናኛ ጥሩ መነሻ ነው። በዚህ አገር ሃይማኖት ወደ ገበሬው ቤት የገባው ከስብከትና ከመጽሐፍ ይልቅ በቀን አቆጣጠር በኩል ነውና። መቼ እንደሚታረስ፣ መቼ እንደሚበላና መቼ እንደሚሸጥ የሚወስነው ሕግ በጉባኤና በቤተ መንግሥት ረጅም ክርክር ያለፈ ሲሆን፣ ከዚያ ወጥቶ ማሳና ገበያ ሲደርስ ደግሞ ሕዝቡና የነፍስ አባቶቹ በራሳቸው ሚዛን አስተካክለውታል።

ከክርክሮቹ ሁሉ ብዙ ዘመን የወሰደው የቅዳሜ ጉዳይ ነበር። ቅዳሜን እንደ እሑድ ማክበር ይገባል ብሎ ያስተማረው አባ ኤዎስጣቴዎስ (እ.ኤ.አ. 1273 ገደማ–1352) በግብፅ ከሚሾሙት ጳጳሳት ትምህርት ጋር በመጋጨቱ አገሩን ለቆ በአርመን ምድር አረፈ፤ ደቀ መዛሙርቱም ለረጅም ጊዜ ክህነት ተከልክለው፣ ከከተማና ከቤተ መንግሥት ርቀው በየገዳማቸው ኖሩ። ንጉሥ ዳዊት እ.ኤ.አ. በ1404 ቅዳሜን እንዲያከብሩ ፈቀደላቸው፤ ልጁ ዘርዐ ያዕቆብ (እ.ኤ.አ. 1434–1468) ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1450 በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ሰብስቦ፣ ሁለቱ ግብፃውያን ጳጳሳት ሚካኤልና ገብርኤል በተገኙበት ሁለቱ ሰንበቶች፣ ማለትም ቀዳሚት ሰንበት የሚባለው ቅዳሜና ሰንበተ ክርስቲያን የሚባለው እሑድ፣ በመላው መንግሥቱ እንዲከበሩ አስወሰነ። ዘርዐ ያዕቆብ በዚህ ብቻ አላቆመም። የእመቤታችንን 33 በዓላት እንደ ሰንበት እንዲከበሩ ደነገገ፣ መጽሐፈ ብርሃን በሚባለው ድርሳን ካህናት በሰንበትና በበዓል ሕዝቡን ሰብስበው እንዲያስተምሩ አዘዘ፣ በጥንቆላና በአምልኮ ባዕድ ላይም ከባድ ቅጣት አወጣ። በዚህ ሥርዐት ቀኑ ራሱ የማስተማሪያ መሣሪያ ሆነ ማለት ይቻላል፤ ሥራውን ያቆመ ሰው ወደ ቤተ ክርስቲያን ይመጣል፣ የመጣም ይሰማል የሚል ስሌት ነበረውና።

ቅዳሜ እንዴት ይከበር የሚለው ጥያቄ ግን በጉባኤው አልተዘጋም። አፄ ገላውዴዎስ እ.ኤ.አ. በ1555 ለኢየሱሳውያን ሚስዮናውያን መልስ እንዲሆን በጻፈው የሃይማኖት መግለጫ፣ ኢትዮጵያውያን ቅዳሜን የሚያከብሩት እንደ አይሁድ ውኃ ከመቅዳት፣ እሳት ከማንደድ፣ ምግብ ከማብሰልና ከቤት ወደ ቤት ከመሄድ በመከልከል ሳይሆን ቅዳሴ በመቀደስና የፍቅር ማዕድ በማዘጋጀት መሆኑን አስረድቷል። መግለጫው የተጻፈው ከውጭ ለመጣ ክስ ቢሆንም፣ ለገበያ ታሪክ የሚጠቅም አንድ ፍንጭ በውስጡ አለ፦ በ16ኛው ክፍለ ዘመን የንጉሡ ሊቃውንት ሰንበትን ከማናቸውም እንቅስቃሴ መታቀብ አድርገው አልቆጠሩትም ነበር።

ጉዳዩ የበጌምድርን ሕዝብ በቀጥታ የነካው በሱስንዮስ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1607–1632) ነው። ንጉሡ እ.ኤ.አ. በ1622 ካቶሊክነቱን በይፋ ከማወጁ ቀደም ብሎ ቅዳሜ እንዳይከበርና ሰው ሁሉ በዚያ ቀን ሥራውን እንዲሠራ አዋጅ ባስነገረ ጊዜ፣ ጋይንትና አካባቢው ይገኝበት የነበረውን በጌምድርን ይገዛ የነበረው ዮናኤል ሸፈተ፤ በዳሞትም ሕዝብ ተነሣ። ስለ ክርስቶስ ባሕርይ የሚደረገው ክርክር ለሊቃውንት የቀረበ ጉዳይ ነበር፤ በሬውን ቅዳሜ እንዲጠምድ የታዘዘው ገበሬ ግን አዲሱ ሃይማኖት ምን እንደሚጠይቀው በማሳው ላይ ቆሞ ለመረዳት ሊቅ መጠየቅ አላስፈለገውም። አመፁ በላስታ እየበረታ ሄዶ እ.ኤ.አ. በ1632 ሱስንዮስ የቀድሞውን ሃይማኖት መለሰ፤ በልጁ በፋሲለደስ ዘመንም ቅዳሜ ዳግመኛ ሳይነካ ቀረ።

ታሪክ ጸሐፊዎች እምብዛም የማይቆሙበት፣ ለኑሮ ግን ከሁሉ የሚበልጠው ነገር ሕጉ ወደ ገጠር ከወረደ በኋላ የያዘው መልክ ነው። በጋይንትና በአካባቢው፣ እንደ ሌላውም የአማራ ደጋ፣ በሰንበትና በበዓል የተከለከለው ሥራ በዓይነት የተለየ ነው። ማረስ፣ ማጨድ፣ መውቃት፣ እህል በወፍጮ መፍጨትና እንጨት በመጥረቢያ መፍለጥ ሰንበትን መሻር ነው፤ ከብት መጠበቅ፣ ውኃ መቅዳት፣ ወጥ መሥራት፣ ሽማግሌ ሆኖ ጠብ ማብረድ፣ ሠርግ መደገስና ገበያ መውጣት ግን ከዚህ ውጭ ናቸው። መስመሩ የሚያልፈው መሬትንና እህልን በብረትና በድንጋይ በሚነካው ሥራና በሌላው መካከል ነው ቢባል ከእውነቱ አይርቅም። በዚህ ምክንያት ቅዳሜ ቤተ ክርስቲያን በጉባኤ ያጸናችው ሰንበት ሆኖ ሳለ በብዙው የደጋ አገር ዋናው የገበያ ቀን ለመሆን በቅቷል፤ በሬ የማይጠመድበት ቀን ስለሆነ ገበሬው ገበያ ቢውል ከሥራው የሚጎድልበት የለም። እሑድ በአንጻሩ ቅዳሴና ከቅዳሴ በኋላ የሚደረገው መሰባሰብ ስለሚይዘው በክርስቲያኑ አገር ገበያ የሚቆምበት ቦታ ጥቂት ነው። ከሁለቱ ሰንበቶች አንዱ ለነጋዴ ተለቆ አንዱ ለካህን መቅረቱ በየትም ጉባኤ አልተወሰነም፤ ቢሆንም ከብዙ የጉባኤ ውሳኔ ይልቅ ጸንቶ ኖሯል።

አርብ ግን ከዚህ ስሌት ውጭ ነው። ጾም እንጂ የሥራ ዕረፍት ስላልሆነ፣ አርብ ገበያ የሚወጣ ገበሬ አንድ የእርሻ ቀን ይከፍላል። ሁለቱ ሰንበቶች በዓመት 104 ቀን ይወስዳሉ፤ በየወሩ በ12 የሚውለው የቅዱስ ሚካኤል፣ በ21 የሚውለው የማርያምና በ29 የሚውለው የበዓለ ወልድ ቀን ደግሞ ግዝት በዓላት፣ ማለትም የሚሽራቸው ሰው የሚወገዝባቸው በዓላት ናቸው። ከእነዚህ በላይ በየአጥቢያው የታቦቱ ቀን፣ እንደየቦታው አቦ ወይም ጊዮርጊስ፣ መድኃኔ ዓለም ወይም ኪዳነ ምሕረት ይጨመራል። ይህን ሁሉ ቀንሶ ለሞፈር በቀረው ሳምንት ውስጥ አርብን ለገበያ መስጠት ትንሽ ነገር አይደለም። ምክንያቱ ግን በገበያዎች ሰንሰለት ውስጥ ሲታይ ይገባል፤ በአንድ አገር የሚገኙ ገበያዎች ሁሉ ቅዳሜ ቢቆሙ ጨው፣ ጨርቅና ብረት ይዞ ከገበያ ወደ ገበያ የሚዞረው ነጋዴ ከአንዱ በቀር ሊደርስ ስለማይችል፣ ቀኖቹ ተከፋፍለው በሳምንት ውስጥ መሰለፍ ነበረባቸው። አርብ የዋለ ነጋዴ ጭነቱን ይዞ ለቅዳሜ ገበያ ይደርሳል፤ አርብ የሸመተች እመቤትም ለእሑድ ማዕዷን የምታሰናዳበት አንድ ቀን ይቀራታል።

የጾሙ ሕግ በገበያው መልክ ላይ የራሱን ምልክት አሳርፏል። በዘመነ ፋሲካ ከሚገኙት 50 ቀናት በቀር በየሳምንቱ ረቡዕና አርብ ምእመኑ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይቀምስ ይቆያል፣ ከዚያም በኋላ ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከቅቤና ከእንቁላል ይታቀባል። ስለዚህ ገበያው የሚሞቅበት ጊዜና ገበያተኛው የሚራብበት ጊዜ አንድ ነው። ቅቤው በቅል፣ እንቁላሉ በጭድ፣ ዶሮው በእግሩ ታስሮ ይቀርባል፤ ሻጭም ገዢም ግን በዚያ ቀን አይቀምሱትም፤ ቅቤ ገዢዋ መዓዛውን አሽትታ ለጋነቱን ትለያለች እንጂ በምላሷ አትሞክረውም። የጾም ገበያ የፍስክ ዕቃ ይሸጣል ማለት ነው። ጌሾና ብቅል የሚሸመተው ለማኅበር ጠላ፣ ዕጣንና ጧፍ የሚገዛው ለቤተ ክርስቲያን፣ በጉም ለታቦቱ ቀን በመሆኑ፣ ገበያው የበዓላቱ ተቀናቃኝ ሳይሆን ግምጃ ቤታቸው ነበር።

በዚህ ላይ በበጌምድር የሩቅ አገር ንግድ ጥቂት የማይባለው ክፍል በሙስሊም ነጋዴዎች እጅ የነበረ መሆኑ፣ ከበሽሎ ማዶ ያለውም የወሎ አገር ብዙ ሙስሊም የሚኖርበት መሆኑ ሲታሰብ፣ አርብ ለሁለቱም ሃይማኖት የከበረ ቀን መሆኑ ይስተዋላል። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ አንዱ ያረደውን ሌላው ስለማይበላ በሠርግና በድግስ ማዕዳቸው ይለያያል፤ በአርብ ገበያ ግን ክርስቲያኑ ጾመኛ በመሆኑ የሥጋ ነገር ከመነሻው ይቀራል፤ ሙስሊሙም ለጁምዓ ሶላት ሄዶ ይመለሳል። ይህ መገጣጠም ቀኑ የተመረጠበት ምክንያት ነው ለማለት አያስደፍርም፤ ገበያውን ሰላማዊ ለማድረግ አላገዘም ማለትም አይቻልም።

ቀኖቹን ለቤተሰቡ የሚያስታውሰውና የሚተረጉመው የነፍስ አባት ነበር። የነፍስ አባት ማለት አንድ ቤተሰብ ኃጢአቱን የሚናዘዝለት ቄስ ሲሆን፣ ወንድ ልጅ በ40 ሴት ልጅ በ80 ቀን ሲጠመቁ ይገኛል፣ ከወሊድ በኋላ ቤቱን ጠበል ይረጫል፣ ለበደለ ሰው ቀኖና ማለትም የንስሐ ቅጣት ይሰጣል፣ ለታመመና ለአረጋዊ ጾም ያቀልላል፣ ሲሞቱም ፍትሐት አድርሶ በ40ኛው ቀን ተዝካር ላይ ይቀመጣል። በበዓል ቀን ዝናብ የአውድማውን እህል ሲያሰጋ ገበሬው የሚጠይቀው እርሱን ነው፤ ሰንበት ተሽሮ በረዶ ወረደ ተብሎ አጥቢያው ሲቆጣም የሚያስታርቀው እርሱ ነው። ይህ ቄስ እንደ አውሮፓ የሰበካ ካህን በደመወዝ የሚኖር አልነበረም። በሰሞነኝነት፣ ማለትም ከሌሎች ካህናት ጋር በየሳምንቱ እየተፈራረቀ፣ ይቀድሳል፤ ተራው ባልሆነ ሳምንት በሬውን ጠምዶ እንደ ጎረቤቱ ያርሳል። የአገልግሎቱም ዋጋ መሬት ነበር፤ ለቤተ ክርስቲያን አገልግሎት የተመደበው መሬት የሰሞን መሬት ይባል ነበር። በበዓል ባለማረሱ የሚጎዳውን የሚያውቅ ሰው ሕጉን መተርጎሙ፣ የገጠሩ ሰንበት ከመጽሐፉ ሰንበት ለምን እንደ ለዘበ ከሚያስረዱት ነገሮች ዋናው ሳይሆን አይቀርም።

ይህን የመሬትና የክህነት ትስስር ለመፍታት የሞከረው የመጀመሪያው ንጉሥ ቴዎድሮስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1860 ገደማ ለአንድ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ይበቃል ብሎ ለእነርሱ ከሚበቃው የተረፈውን መሬት ለግብር ከፋይ ገበሬ እንዲሰጥ ወሰነ። ቁጥሩ በዘፈቀደ የመጣ አልነበረም፤ አንድ ቅዳሴ ለመቀደስ ሥርዐቱ የሚጠይቀው ትንሹ ቁጥር አምስት ልዑካን ነው። ንጉሡ በዚህ ስሌት የሳተው ግን ቤተ ክርስቲያን ከቅዳሴ ሌላ ማኅሌት ያላት መሆኗን ነው፤ የሚዘምሩትና የሚያስተምሩት ደብተራዎች ከአምስቱ ውስጥ አይቆጠሩም። በበጌምድር ደግሞ ይህ ከሌላው ይልቅ ይከብዳል፤ በጋይንት ምድር የሚገኘው ቤተልሔም የቅዱስ ያሬድ ድጓ ማስመስከሪያ፣ ዙር አባ ደግሞ የዝማሬና መዋሥዕት ማስመስከሪያ ነውና። ማስመስከሪያ ማለት ከየአገሩ የተማረ ሰው ትምህርቱን በመምህራኑ ፊት አስመዝኖ መምህር ለመሆን የሚፈቀድለት ጉባኤ ነው። ለምድ ደርቦና አኮፋዳውን አንግቶ ከየቤቱ ቁራሽ እየለመነ የሚማረው የቆሎ ተማሪ ከሩቅ አገር ወደነዚህ ቦታዎች ይጎርፍ ነበር፤ ይጎርፋልም።

እነዚህ ትምህርት ቤቶች ከቀን አቆጣጠር ጋር ያላቸው ዝምድና ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ድጓ የዜማ መጽሐፍ ብቻ አይደለም፤ ከዘመን መለወጫ ጀምሮ በዮሐንስ፣ በአስተምህሮና በፋሲካ ክፍል ዓመቱን የሚያዞር፣ ለየወቅቱና ለየበዓሉ የሚገባውን ቃል የሚመድብ መጽሐፍ ነው። ነነዌ፣ ዐቢይ ጾምና ፋሲካ የሚውሉበትን ዕለት የሚያስገኘው ስሌት ባሕረ ሐሳብ ሲባል፣ ትውፊቱ ለእስክንድርያው ፓትርያርክ ለድሜጥሮስ ይሰጠዋል። መጥቅዕና አበቅቴ የሚባሉትን ቁጥሮች አስልቶ በዓላቱንና አጽዋማቱን የሚያወጣው ሊቅ በየአጥቢያው ካህናት በኩል እስከ ጎጆው ድረስ ይደመጥ ነበር። ገበሬውም የመኸሩን ጊዜ የሚናገረው በመስቀልና በኅዳር ሚካኤል፣ የክረምቱን መግቢያ በሰኔ ሚካኤል ነው፤ የዘር ቀንና የጸሎት ቀን በአንድ አቆጣጠር ይጠራሉ።

በዓሉን ከክልከላ ወደ ደስታ የለወጠው ማኅበርና ሰንበቴ ነው። ማኅበር የአንድ ቅዱስ ወዳጆች በየወሩ በዕለቱ በተራ በየቤታቸው የሚሰበሰቡበት፣ ጠላና ዳቦ ቀርቦ ቄሱ ጽዋውን የሚባርክበት ማዕድ ሲሆን፣ አለቃው ሙሴ ይባላል፤ ሰንበቴ በእሑድ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ይደረጋል፣ ለድኻና ለእንግዳም ይተርፋል። ተበዳሪና አበዳሪ፣ ወሰን የሚካሰሱ ጎረቤታሞች በአንድ ጽዋ ፊት ሲገናኙ ነገራቸው እዚያው ይታያል።

የ19ኛው ክፍለ ዘመን የፕሮቴስታንት ሚስዮናውያን ይህን ሁሉ በሌላ ዓይን አዩት። እ.ኤ.አ. በ1830 ጎንደር የደረሰው ሳሙኤል ጎባት፣ ከእርሱም በኋላ በስዊዘርላንድ ከሚገኘው ከቅዱስ ክሪሾና ትምህርት ቤት መጥተው በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ለቴዎድሮስ መድፍ የሠሩት ዋልድማየርና ጓደኞቹ፣ የኢትዮጵያ ክርስትና በጾምና በበዓል ብዛት ታፍኖ ወንጌሉን የረሳ መስሎ ታያቸው። ትችታቸው ፈጽሞ መሠረት የለውም አይባልም፤ ግእዝ የማያውቀው ምእመን የሚነበብለትን አይሰማም ነበርና። ይሁን እንጂ መጽሐፍ ማንበብ የማይችል ሕዝብ ስቅለትን በየሳምንቱ በሆዱ፣ ትንሣኤን በዓመት በ50 ቀን ፍስክ የሚማርበት መንገድ እንደ ነበረው አላስተዋሉም። እነርሱ ሃይማኖትን በልብና በንባብ ሲፈልጉ፣ በጋይንት ግን በማሳና በገበታ ላይ ይገኝ ነበር።

የመሬቱ ትስስር በእርግጥ የተቆረጠው በደርግ ዘመን ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ የቤተ ክርስቲያንን ይዞታ ከሌላው ጋር የሕዝብ ሀብት አደረገ፤ ቄሱ እንደ ማንኛውም ገበሬ በገበሬ ማኅበር በኩል ድርሻውን ተቀበለ፣ አገልግሎቱም በምእመኑ መዋጮና በነፍስ ልጆቹ እህል ላይ ወደቀ። በምእመኑ እጅ የሚያድር ቄስ ምእመኑን ስለ ሻረው በዓል አጥብቆ ለመውቀስ መድፈሩ ይቀንሳል ተብሎ ሊገመት ይችል ነበር፤ የገጠሩ በዓል ግን አልላላም፣ አጥቢያው ራሱ ጠባቂው ነበርና።

በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ከተጎዳው ከዚህ አገር ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ በ1997 ዓ.ም. በተጀመረው በተለምዶ ሴፍቲኔት በሚባለው የልማታዊ ድጋፍ መርሐ ግብር ሲታቀፉ የቀኑ ጥያቄ እንደገና ተነሣ። የግብርና ባለሙያዎች የበዓል ቀን መብዛት ለምግብ እጥረቱ አንድ ምክንያት ነው ይላሉ፤ ካህናቱ ደግሞ በመጽሐፍ የታዘዘው ሁለቱ ሰንበትና ታላላቆቹ በዓላት እንጂ እያንዳንዱ ወርኃዊ ቀን አለመሆኑን ያምናሉ፣ ነገር ግን አባቶች ያጸኑትን የሚሽር ሰው መሆን አይፈልጉም። በተግባርም አንድ አጥቢያ የሚያከብረውን ቀን አጎራባቹ ስለሚሠራበት፣ የሁለት አጥቢያ ሰዎችን ለአንድ ደቦ ወይም ለአንድ እርከን ሥራ ማሰለፍ የሚሻ ሰው የታቦቶቹን ቀን አስቀድሞ መጠየቅ አለበት።

ከዚህ መለያየት ነፃ የሆነው የገበያው ቀን ነው። አርብ በማናቸውም አጥቢያ ሳምንታዊ የዕረፍት ቀን ስላልሆነ፣ የተለያየ ታቦት የሚያከብሩ አጥቢያዎችና የሌላ ሃይማኖት ሰዎች ሳይቀሩ በአንድነት የሚገኙበት ቀን ነው። ቀድሞ ነጋሪት ተጎስሞ አዋጅ የሚነገረው፣ የጠፋ ከብት የሚጠየቀው በገበያ እንደ ነበር ሁሉ፣ ዛሬም የክትባት፣ የግብርና የማዳበሪያ ማስታወቂያ የገበያ ቀን ተጠብቆ ይነገራል። የነፍስ አባትም በሩቅ ሰፈር የሚኖሩ የነፍስ ልጆቹን አግኝቶ፣ ነነዌ መቼ እንደሚገባ የሚነግራቸው በዚያው ነው።